ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። የሚጠራጠር ካለ ሀና ማርያም ወርዶ ከወፍጮ ቤቱ ጎን የሚኖሩትን ይጠይቅ። ዋሽቼ ከተገኘሁ ከዛሬ ጀምሮ የምበላው ሽሮ ሁሉ ጨው አይኑረው፤ የምሳፈርበት ታክሲ ሁሉ መንገድ ላይ ጎማው ይፈንዳ። ከዚህ በላይ የሚምል ሰው ካያችሁ ውሸታሙ እሱ ነው።

ከበበው ባለወፍጮ ነው። የእሱ ወፍጮ ሲነሳ የሰፈሩ መስኮት ሁሉ እስክስታ ይወርዳል። የጎረቤት አውራ ዶሮ "ማን ሊሰማኝ" ብሎ መጮህ ከተወ ቆይቷል፤ ሲነጋ ክንፉን ብቻ አርገብግቦ ይወርዳል። በዚያ ቅያስ የሚያልፍ ሰው ሰላም የሚለው በእጁ ነው። የከበበው ልጅ ውዳሴ ተወልዳ ያደገችው ከዚህ ወፍጮ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። የሌላ ሰው ሕፃን ድምፅ ሲሰማ ይነቃል፤ እሷ ግን ከእንቅልፏ ብንን ብላ የምታለቅሰው መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቀጥ ሲል ነበር። ካደገችም በኋላ የምታጠናው ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ግድግዳው እየነዘራት ነው።

ልጅቷ ጎበዝ ናት። ጎበዝ ስላችሁ ከክፍል አንደኛ የምትወጣ ማለቴ ብቻ አይደለም፤ የሳይንስ መምህሯ ቤቴል አንዳንዴ ራሷ የረሳችውን "እስቲ ውዳሴን ጠይቋት" እያለች ነው የምታልፈው።

ጉዱ የታየው አምና ነው። ለትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አቆሟት። ዳኛው "ፀጥታ!" አሉ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ውዳሴም አብራ ጭጭ አለች። ስምሽ ማን ነው ሲሏት እንኳ ዞራ አባቷን አየች። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ረዳቱ "ሀና! ሀና! የሞላ!" እያለ በሚጮህበት ታክሲ ውስጥ የተጠየቀችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችው። ተሳፋሪው አጨበጨበላት።

"ታዲያ እዚያ ምን ነካሽ፣ እናቴ?" አላት ከበበው።

"አባዬ፣ ዝም ሲሉኝ ያለኝ ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ይጠፋል።"

ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። የአካባቢው አሸናፊ ክረምቱን የሳይንስ ካምፕ ይገባል፤ ቤተ ሙከራ አለው፣ ኮከብ የሚያዩበት ቴሌስኮፕ አለው። ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ ተማሪ ግን አይቀበሉም። ስለዚህ ዘንድሮ ካመለጣት አመለጣት። ውዳሴ "ቴሌስኮፕ" የሚለውን ቃል እንደ ትኩስ ድንች በአፏ እያገላበጠች ነበር የምትጠራው። ከበበው ያንን እየሰማ ጆንያ ሲሸከም ወገቡን የሚያመው እንኳ ለዚያች ቴሌስኮፕ ሲል ይመስለዋል።

ውድድሩ ለቅዳሜ ጠዋት በእነ ውዳሴ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። አርብ ከሰዓት ነፋስ ይዞ የወረደው ዝናብ ግን የአዳራሹን ጣሪያ ገነጣጥሎ ወሰደው። አንዱ ቆርቆሮ በርሮ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር አንድ ሰውዬ ግቢ አርፎ፣ ሰውዬው በማግስቱ የዶሮ ቤት ሠራበት ይባላል። ቅዳሜ ጠዋት መምህርት ቤቴል ለወላጆች ሁሉ ብትደውል ያነሳላት ከበበው ብቻ ሆነ። እሱም መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ስለቆመ ነው እንጂ፣ በሌላ ቀን እንኳን ስልክ መድፍም አይሰማ።

"ጋሽ ከበበው፣ ዳኞቹ መጥተዋል" አለችው። "ጣሪያና ወንበር ያለው ቦታ ቶሎ ካላገኛችሁ እንሰርዘዋለን እያሉ ነው። ከተሰረዘ ዕድሉ ለሌላ አካባቢ ይሄዳል።"

ከበበው ስልኩን ሳይዘጋ ሮጠ። የሮጠው ወደ እድሩ ሊቀመንበር ወደ አቶ ወጋየሁ ቤት ነው።

"ጋሼ፣ የእድሩን ድንኳን ፈልጌ ነበር።"

አቶ ወጋየሁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ወይ ጉድ! ማን አረፈ?"

"ማንም አላረፈም።"

"እያጣጣረ ያለ ሰው አለ?"

"ኧረ ሁላችንም ደህና ነን!"

"ታዲያ ድንኳኑን ምን ልታደርገው ነው? ብርድ ልብስ አጠረህ?"

ከበበው እያለከለከ ነገሩን አስረዳቸው። አቶ ወጋየሁ አገጫቸውን አሹ። "በደንባችን ድንኳን የሚወጣው ለለቅሶና ለሰርግ ብቻ ነው። የትኛው ይባልልህ?"

"ለሰርግ ይባልልኝ፣ ጋሼ!"

"ሙሽራዋ ማን ናት?"

"ሳይንስ ናት።"

"ቤተሰቦቿን አጣርተሃል?" አሉና የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ጭቃ ሆኗል። ደረቅና ሜዳ ሆኖ የተገኘው ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ኮብልስቶን ብቻ ነው። ድንኳኑ እዚያው ተተከለ፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ።

አሁን ራሳችሁን በሰፈሩ ሰው ቦታ አድርጉት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያተኛ ሁሉ እህሉን በሚያስፈጭበት ቀን፣ ወፍጮው ዝም ብሏል። ደጁ ላይ የእድር ድንኳን ቆሟል። ሌላ ምን ታስባላችሁ? ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲጀምር "ከበበውን አመመው" ነበር፤ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ከበበው ሞተ፤ መካኒሳ አቦ ሲደርስ ደግሞ ወፍጮው ከነጫማው ውጦታል።

ብዙም ሳይቆይ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው መጡ። ከፊት የሰፈሩ አልቃሽ እትዬ ገበያነሽ ናቸው፤ ንፍሮ ያለበት ድስት አስይዘው፣ ደረታቸውን እየደቁ፦

"ዱቄት የለበስከው ነጩ ሰውዬ፣
ለማን ትተኸን ሄድክ ወንድምዬ!"

ከበበው አግዳሚ ተሸክሞ ከድንኳኑ ጀርባ ብቅ ሲል ይህን ሰማ። ክው አለ። አግዳሚውን ጣለውና፣ "እትዬ ገበያነሽ! ምነው? ማን ነው የሞተው?"

"ከበበው ነዋ!" አሉት፣ ፊታቸውን በነጠላ እንደሸፈኑ።

"የትኛው ከበበው?"

"ባለወፍጮው! ስንት ከበበው አለን?"

ቀና ሲሉ ሟቹ ፊታቸው ቆሟል። ያዘኑትን ያህል ተቆጡ። "አንተ ባለጌ! ንፍሮው ተቀቅሎ አልቆ ነው የማትሞተው?"

ነገሩ ሲነገራቸው ሰዉ ሳቀ፤ ግን የሄደ የለም። ድንኳን ገብቶ ሳይቀመጥ የሚወጣ ሰው እዚህ ሰፈር አልተፈጠረም። ውጭም ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ለቀስተኛው ታዳሚ ሆኖ ተቀመጠ።

ዳኛው አቶ ሚሳኤል ይባላሉ፤ ክራባት ያሰሩ፣ ትንሽ ቃጭል የያዙ ሰው ናቸው። ወደ መጨረሻው ዙር የደረሱት ውዳሴና ከለቡ የመጣ ሲራክ የሚባል ልጅ ሆኑ። እስከዚያ ድረስ የነበረው ዙር በጽሑፍ ስለሆነ ውዳሴ አፏን መክፈት አላስፈለጋትም። አሁን ግን ተነሥታ ቆመች። አቶ ሚሳኤል ቃጭላቸውን አንቃጨሉ።

"ፀጥታ!"

ሰዉ ከቅድሙ ስህተቱ የተነሳ አፍሮ ስለነበር፣ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም። ዝናቡ እንኳ ያባራው ያኔ ነው። ሲራክ የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰ። ሁለተኛውንም መለሰ። ውዳሴ እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ መሬቱን ታያለች። ከበበው ያንን ፊት ያውቀዋል፤ የአምናው ፊት ነው።

ከድንኳኑ ሾልኮ ወጥቶ ወፍጮ ቤት ገባ። የወፍጮውን ማብሪያ ጫነው። ምንም። ደግሞ ጫነው፤ መታው፤ ለመነው። መብራት የለም። ተመልሶ እትዬ ገበያነሽ እግር ሥር ተንበረከከ።

"እትዬ፣ እባክዎ ያልቅሱልኝ" አላቸው በሹክሹክታ።

"ማንን?"

"የፈለጉትን! ልጄ ዝም ሲሏት መናገር አትችልም። ወፍጮው ደግሞ ሞቷል።"

እትዬ ገበያነሽ ውዳሴን አዩ። ከዚያ ዞር ብለው ወንዶቹን አዩ። "እናንተ! ምን አፋችሁን ለጉማችሁ ተቀምጣችኋል? ካርታ ሳትይዙ ለቅሶ መጥታችሁ ታውቃላችሁ?"

ወንዶቹ ተያዩ። ካርታው ከየጋቢው ሥር ወጣ። ሴቶቹ ስለ ጤፍ፣ ስለ ቤት ሠራተኛ፣ ስለ አንዷ ምራት ጀመሩ። ንፍሮው በሰሃን ዞረ። "በል ጣል!" ይላል አንዱ፤ "አጭበርብረሃል!" ይላል ሌላው። ድንኳኑ እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ጀመር።

አቶ ሚሳኤል ቃጭሉን ደጋግመው አንቃጨሉት። "ፀጥታ! ይህ ውድድር ነው! ደንብ አለው!"

አቶ ወጋየሁ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። "ጌታዬ፣ የእርስዎ ደንብ የአዳራሽ ነው። ይህ የእድር ድንኳን ነው። ከተገዛ ጀምሮ እዚህ ውስጥ ዝም በል የተባለ ሰው የለም። ሬሳ ባለበት ያላልነውን ዛሬ እንበል?"

አቶ ሚሳኤል ወደ ውጭ አዩ፤ ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። ከዚያ ሲራክን አዩ። "አንተ ምን ትላለህ? ጫጫታው ከረበሸህ ..."

"ጋሼ፣ እኛ ቤት መንታ ሕፃናት አሉ" አለ ሲራክ ንፍሮ እያኘከ። "ለእኔ ይሄ ፀጥታ ነው።"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። በዚያ ሳቅ መሃል ውዳሴ ቀና አለች። እጇን ከአንገቷ ላይ አወረደች፤ ጀርባዋን ወደ ኋላ ወስዳ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ለጠፈች። የቀጣዩን ጥያቄ መልስ ዳኛው አንብበው ሳይጨርሱ ሰጠች። የሚቀጥለውንም። ሲራክም ቀላል ልጅ አይደለም፤ አንድ እሱ፣ አንድ እሷ እያሉ እኩል ሆኑ። አንድ ጥያቄ ቀረ።

"ድምፅ" አሉ አቶ ሚሳኤል ከጫጫታው በላይ እየጮሁ፣ "በአየር፣ በውኃና በብረት ውስጥ ሲጓዝ ይበልጥ የሚፈጥነው በየትኛው ነው?"

ሲራክ ግንባሩን አሸ። የውዳሴ እጅ ተነሣ።

"በብረት ነው! ጠጣር ነገር ውስጥ ይፈጥናል። ወፍጯችን ሲነሳ ከጆሮዬ በፊት ጀርባዬ ነው የሚሰማው!"

አቶ ሚሳኤል ቃጭሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ትክክል" አሉ። ንፍሮ የያዘች ሴት እልል ስትል ንፍሮው ካርታ ተጫዋቾቹ ላይ ተበተነ። እልልታው ተቀጣጠለ። መምህርት ቤቴል "ጌታ ይመስገን!" እያለች ያገኘችውን ሁሉ አቀፈች፤ አቶ ሚሳኤልንም ሳይቀር። ሲራክ መጥቶ ውዳሴን ጨበጣት። "ቴሌስኮፑ ጋ ስትደርሺ ለእኔም አንድ ኮከብ እዪልኝ" አላት።

"ሰርግ ነው ብዬ ነበር!" አሉ አቶ ወጋየሁ፣ ከዘራቸውን ወደ ላይ እያነሡ።

ከበበው ሊያመሰግን ተነሣ። ሰዉ ሊያዳምጠው ዝም አለ። ከበበው አፉን ከፈተ፤ ቃል የለም። ዘጋው፤ ደግሞ ከፈተው።

"አውሩ እንጂ!" ብለው ጮሁ እትዬ ገበያነሽ። "ይህም እንደ ልጁ ነው!"

ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ። ከበበው በዚያ ጫጫታ ውስጥ ያለውን ሁሉ አለ፤ ድንኳኑን ለሰጡት፣ ንፍሮ ለቀቀሉለት፣ በሞቱ ላለቀሱለት፣ በደስታው ላልሄዱበት፣ አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራ አመሰገነ። ማንም አልሰማውም። ውዳሴ ብቻ ጀርባዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ ቆማ ስለነበር ሁሉንም ሰማችው። ከበበው አላለቀሰም። ዓይኑን ሲጠርግ ያየው ሰው ቢኖርም ዱቄት ገብቶበት ነው፤ ባለወፍጮ ዓይን ውስጥ ዱቄት መግባቱ ያለ ነው።

አሁን ጨው የሌለው ሽሮ ስላስፈራኝ አንዲት ነገር ላርም። ክንፉን የሚያርገበግበው ዶሮ፣ ለቡ ያረፈው ቆርቆሮ፣ በቁሙ ላለ ሰው የወረደው ሙሾ፣ ሁሉም እንዳልኩት ነው። ዱቄቱን ግን ከራሴ ነው የጨመርኩት። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ሳይነሳ በዋለበት ቀን ዱቄት ከየት ይመጣል?