ዕዳው ከየት ይጀምራል

ቤይሩት ውስጥ የቴሌቪዥን ተንታኝ ምን ሊል እንደሆነ ለማወቅ አፉን እስኪከፍት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጣቢያው ሁሉ የየፓርቲው ነውና የጣቢያውን አርማ ማየት ይበቃል። ባንደኛው ፓርቲ ጣቢያ ተንታኝ የሆነችው ሀያም ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ኢኮኖሚ የተማረችው የማንም አፈ ቀላጤ ልትሆን አይደለም።

የዚያን ዕለት ስርጭቱ ሊጀመር ሲል ስለ መንግሥት ዕዳ የምታብራራበት ግራፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ። መስመሩ የሚጀምረው ተቀናቃኙ ፓርቲ የገንዘብ ሚኒስቴሩን ከያዘበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ዕዳ የሚባል ነገር ባገሩ ታይቶ የማያውቅ ይመስላል።

«አቶ ሙኒር፣ የበፊቱ የት ሄደ?» አለች አለቃዋን።

«ስክሪኑ ጠበበ።»

«የኛዎቹ የተበደሩት ሲሆን ነው የሚጠበው?»

«የበላሽበትን ወጪት ልትሰብሪ ነው እንዴ? ሥራሽን ከፈለግሽ ያለውን አንብቢ።»

ሥራዋን ትፈልገዋለች። እሷንም እናቷንም የሚያኖረው እሱ ነው። ቢሆንም ካሜራው ሲበራ ተነሳች፤ የከንፈር ቀለሟን ከቦርሳዋ አውጥታ መስመሩን ከስክሪኑ ጠርዝ ወደ ኋላ፣ በነጩ ግድግዳ ላይ ቀጠለችው።

«ስክሪኑ ጠባብ ነው አሉኝ» አለች። «እዚህ ጋ የኛዎቹ ተበደሩ። እዚህ ጋ ከነሱ ጋር ተሻርከው ተበደሩ። ከዚያ እነሱ ተረከቡ።»

ወዲያው የሳሙና ማስታወቂያ ገባ። «ሁለተኛ በዚህ ደጅ እንዳላይሽ!» አለ ሙኒር።

ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ከተቀናቃኙ ፓርቲ ጣቢያ ተደወለላት። «ጀግና ነሽ! ነገ እኛ ጋ ነይ፤ ግድግዳ ሙሉ እንሰጥሻለን።»

«እመጣለሁ። ግን መስመሩን እስከ ዛሬ አደርሰዋለሁ።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደውልልሻለን።»

በአንድ ምሽት ከሁለት ጣቢያ ተባረረች። ከዚህ ሁሉ ግን የከበዳት እናቷን ማየት ነበር። ወይዘሮ ናዚራ የፓርቲያቸው መሪ ስም በክፉ ከተነሳ ከገዛ እህቷ ጋር የምትጣላ ሴት ናት።

«አዋረድሽኝ!» አለች ገና በሩ ሲከፈት። «ጎረቤቱ ሁሉ አየ!»

«አንድ ቃል አልዋሸሁም፣ እማ። ነገም ቢጠይቁኝ ይህንኑ ነው የምለው።»

እናቷ በሩን ዘጋች። «ባንክ ገብቶ የቀረውን የጡረታ ገንዘቤን ታዲያ ማን ወሰደው? የኛዎቹ ናቸው ወይስ እነሱ?»

«ተካፍለውታል።»

ወይዘሮ ናዚራ ሶፋው ላይ ወጣች። ከሷ በቀር ማንም አቧራውን የማይጠርገውን የመሪውን ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ አውርዳ ፊቱን አዞረችው።

«በይ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ እዚህ ባዶው ግድግዳ ላይ አሳዪኝ» አለች። «ጎረቤቶቹንም እጠራቸዋለሁ።»