ዘይት የማይገባበት ቤት

«ቬሎ የምትሰፋ ሴት ልጅ መውለድ የለባትም» የሚል ሰው ቢመጣብኝ ብዙም አልከራከረውም። ነጭ ሳቲንና ከትምህርት ቤት የመጣ የራበው ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር አይስማሙም። እኔ ግን አስማምቻቸው ነበር። ዘዴው ጣት የማያቆሽሽ መክሰስ ነው፤ ልጆቹ ቦርሳቸውን እስኪጥሉ የሚደርስ። በጣት ልክ የተቆረጠ ካሮትና ኪያር፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ለውዝ፣ አንዳንዴም የፖም ቁራጭ። ዘይትና ቀለም የሚለቅ ነገር በደጃፌ አያልፍም። ማንጎማ ጠላቴ ነው።

ነገሩ የሳቲኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላወራሁት ነበር። አምና ሐኪሟ ትልቋን ልጄን መርምራ «ስኳሯ ድንበር ላይ ነው» አለችኝ። «ገና አልታመመችም። አመጋገቧ ከተስተካከለ ይመለሳል። ካልሆነ ግን በዚህ ዕድሜዋ መድኃኒት ልትጀምር ነው።» እናታችንን የወሰዳት ይኸው ስኳር ነው፤ መጀመሪያ ጣቶቿን፣ ከዚያ እግሯን፣ በመጨረሻ እሷን። እኔና ታናሽ እህቴ ተራ ገብተን ነው ቁስሏን ያጠብነው። ስለዚህ ያን ቀን ቤት ገብቼ ያለቀስኩት እህቴ ትከሻ ላይ ነበር። «አይዞሽ እትዬ፣ እኔ እያለሁ!» አለችኝ።

አብረን ነው የምንሠራው። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፤ እሷ ቬሎው ላይ ሉል ትተክላለች። እጇ የተባረከ ነው፤ ይህን ዛሬም አልክድም። እኔ ሙሽሮች ስለካ ስለምውል ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታመጣው እሷ ነበረች። መክሰሳቸውንም ጓዳ አስገብታ የምታበላቸው እሷ ነበረች። ሳህኑ ተጠርጎ ሲመለስ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። «ካሮት እንደ ከረሜላ የሚቆረጥሙ ልጆች አሉኝ» እያልኩ በየሙሽራው ፊት ጉራዬን እነዛ ነበር።

ባለፈው ወር ለምርመራ ተመለስን። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ መነጽሯን አወለቀች።

«ጨምሯል። ምንድነው የምታበያት?»

ካሮቱን፣ ኪያሩን፣ እንቁላሉን አንድ በአንድ ነገርኳት።

«እናትዬ፣ ካሮት እንዲህ አያደርግም» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቤት ገብቼ ፖሙን ከሳህኑ አነሳሁ፣ ለውዙን ቀነስኩ፣ ሌሊት ሌሊት ምን እንዳጠፋሁ ሳሰላስል እንቅልፍ አጣሁ። እህቴ ከጎኔ ሉሏን እየተከለች «ምናልባት በዘር ይሆናላ፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ትናንት አንድ ቬሎ ለመጨረሻው ልኬት ተሰቅሎ ነበር። ሙሽራዋ ልትደርስ ነው። ልጆቹ ገና መግባታቸው ነበር። እህቴ ቀሚሱን አቃንታ ዞር ስትል ወገቡ ላይ ቢጫ ነገር አየሁ። ጠጋ አልኩ፤ የአውራ ጣት አሻራ ነው። መስኮቱ ጋ ወስጄ ሳየው ዘይት ነው፤ የስኳር ቅንጣትም ተጣብቆበታል። መንገዱ ጥግ ላይ የሚጠበሰው ዶናት! በእኔ ቤት!

ጥፋት ሲኖር መጀመሪያ የምጠራው ትንሹን ልጄን ነው። ጣቱን አሻራው አጠገብ አድርጌ ለካሁ። የእሱን ጣት ሁለት ያህላል። የትልቋም አልሆነ። ቀና ስል እህቴ እጆቿን ጉያዋ ውስጥ ወሽቃለች።

«አንቺ ነሽ?»

«ሳላስተውል ነው እትዬ። ዘይቱን እንደምንም—»

«ስለ ዘይቱ ማን ጠየቀሽ!»

ትንሹ ጣልቃ ገባ። «ሁልጊዜ ዶናት አይደለም እኮ እማዬ። አንዳንዴ ለስላሳ ነው።» ሊያድናት ብሎ ጨርሶ ቀበራት።

ለካ በየቀኑ ነው። ከዶናቱ በኋላ ግቢው በር ጋ ያለው ቧንቧ ላይ እጃቸውን በሳሙና ታስታጥባቸዋለች። የልጆቹን እጅ አንድም ቀን ረስታ አታውቅም፤ ትናንት የረሳችው የራሷን ነው።

«ሳህኑስ? ካሮቱን ማን ይጨርሰዋል?»

«እኔ» አለች አንገቷን ደፍታ።

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ከሳቁ ግን ንዴቱ ቀደመ። «የእማዬን እግር አብረን አላጠብንም? ሐኪሟ እንደዚያ ስታዋርደኝ፣ አንቺ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ በዘር ነው ስትይኝ፣ ታውቂ ነበር!»

«አንቺ ልጆች አሉሽ» አለች። «እኔ ያለኝ ከትምህርት ቤት እዚህ ድረስ ያለችው መንገድ ናት። ሲያዩኝ እየሮጡ ነው የሚመጡት። ባዶ እጄን ብሄድ የሚሮጡልኝ አልመሰለኝም።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ሲጥል እንዲህ እንደሚያም ግን አላውቅም ነበር። ይባስ ብላ ትልቋ መጥታ ከእህቴ ጎን ቆመች። «እሷን አትቆጪያት። አትንገሪያት ያልኳት እኔ ነኝ» አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ለማን ሆነና?

ዘይት ከሳቲን ላይ በጥድፊያ አይለቅም፤ ይሸፈናል። አሳምሮ መሸፈን የሚችል ደግሞ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። መርፌውን ሰጠኋት። አሻራዋ ላይ የሉል አበባ ሠራችበት። ሙሽራዋ መጥታ ለበሰችና በመስታወት እያየች «ይቺ አበባ እንዴት ታምራለች!» አለች። አመሰገንኳት፤ ምን ልበላት? እሷ ስትወጣ እህቴን «ከነገ ጀምሮ ልጆቹን የማመጣው እኔ ነኝ» አልኳት። መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች።

ዛሬ የስፌት መኪናዬን ዘግቼ፣ መክሰሱን በዕቃ ይዤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ልጆቹ እየሮጡ ወጡ። እኔ መሆኔን ሲያዩ ሩጫቸውን ገቱ። ትልቋ ዓይኔን ሸሸችው። ትንሹ በጎኔ አልፎ መንገዱን እስከ ጥጉ ድረስ አየና ተመለሰ።

«አክስቴስ?»

«ዛሬ አልመጣችም። እርቦሃል አይደል?»

ዕቃውን ከፈትኩለት። እንቁላሉን አንስቶ ሳይወድ ነከሰ። ካሮቶቹን ግን አንድ በአንድ ለቅሞ ክዳኑ ላይ ለብቻ ደረደራቸው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ለአክስቴ እናስቀምጥላት» አለኝ። «የምትበላው እሷ ናት እኮ።»