በፈንታነሽ አፍ

ሐሙስ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልሄድ ስወጣ አናማ ግቢው በር ላይ ቆማ ነበር። ጃንጥላዋን በብብቷ ሥር ይዛ፣ ባዶ ባልዲ እግሯ አጠገብ አስቀምጣ፣ ውሃ የምትቀዳላትን ሴት ትጠብቃለች። ሰኔ ገብቷል፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ጣሪያዋ ስለሚያፈስ ጠብታውን የምትቀበልበት ድስት ደጃፏ ላይ ተደፍቶ ነበር።

"ሰማዩስ ውሃ አልነፈገኝም" አለችኝ። "ግን የሚሰጠኝ አልጋዬ ላይ ነው። ዛሬም ፊቴን በትናንት ሻይ ልታጠብ ነው።"

አናማ ከደቡብ ህንድ የመጣች የሂሳብ አስተማሪ ነበረች። እኔ ደግሞ ከሐረር መጥቼ እዚያው ሞጣ ታሪክ አስተምር ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላ ራቅ ያለ ቦታ እንዲመድቡኝ የጠየቅሁት ራሴ ነኝ። በእትዬ ይርጋነሽ ግቢ ጎን ለጎን አንዳንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው፤ ለሞጣ ሰው ሁለታችንም የሰው አገር ሰዎች ነን።

የአናማ ባል ቼሪያን ቢቸና ሳይንስ ያስተምራል። ሲቀጠሩ አብራችሁ ትመደባላችሁ ተብለው ነበር፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ ግን እሱ ለቢቸና፣ እሷ ለሞጣ ደረሱ። በበጋ በጭነት መኪና ጠዋት የተነሣ ማታ ይገባል፤ ዝናቡ ሲጠና መኪና ይቀርና ጉዞው በበቅሎ ይሆናል። ለዝውውር ያላንኳኳችው በር አልነበረም። ከእሱ ጋር አንድ ቤት ከመኖር በቀር አጥብቃ የምትፈልገው ነገር አላውቅባትም። ሌላውን ችግር ትስቅበታለች። ሩዟ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ከላምባ ጋር ተጭኖ ስለሆነ ወጥ ውስጥ ገብቶም ላምባ ላምባ ይላል። የመኖሪያ ፈቃዷን ልታሳድስ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ሄዳ፣ በፎቶግራፍሽ ላይ ጆሮሽ አይታይም ተብላ ተመልሳለች። ልጆቹ "ህንዷ! ህንዷ!" እያሉ እስከ ትምህርት ቤት ይሸኟታል። ክርስቲያን ብትሆንም እትዬ ይርጋነሽ ቤተ ክርስቲያን ወስደው አንገቷ ላይ ማተብ እስኪያስሩላት ድረስ አንድ ጭልፋ እንኳ አላዋሷትም።

"በዚህ አገር 'እሺ' ማለት 'አይሆንም' ማለት መሆኑን ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጀብኝ" ትላለች።

ያን ጠዋት ግን ውሃ ቀጂዋ መጣች። ብቻዋን አይደለም፤ ሌሎች ሁለት ሴቶች እንስራ አዝለው ተከትለዋታል። በርሜሏን ሞሉላት፣ ባልዲዋን ሞሉላት። አናማ በተሰባበረ አማርኛዋ "ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?" ብላ ቀለደች። አንዳቸውም አልሳቁም። ቀጂዋ ልትወጣ ስትል ተመልሳ የአናማን ትከሻ ሳመችና ጎንበስ ብላ ሄደች።

መንገድ ላይ ልጆቹ እንደ ወትሮው ተኮልኩለው ነበር፤ ስንደርስ ግን ወደ ዳር ተጠግተው ዝም አሉ። ከመካከላቸው ትልቁ ቆቡን አወለቀ። አናማ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች፤ ሹም የሚያልፍ መስሏት ነበር። ከኋላችን ማንም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ አንድ ሰው ጣሪያዋ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ይመታል። ለጣሪያው አንድ ዓመት ሙሉ "እሺ" ሲባል ኖሯል። እትዬ ይርጋነሽ በሰሃን ምግብ ከድነው አመጡላት፤ ሲያዩዋት የሚተርቡት አፋቸው የት እንደ ገባ አላውቅም። "ብዪ ልጄ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል" አሏትና ወጡ።

ዓርብ ዳይሬክተሩ አቶ ደምለው አስጠሯት። ወጥታ ስትመጣ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ ነበር።

"ተፈቀደ! ዝውውሬ ተፈቀደ! እሁድ ጠዋት ወደ ቢቸና እሄዳለሁ። በቅሎውም ሸኚውም ተዘጋጅቷል አሉኝ።"

"ደብዳቤው መጣ?"

"በስልክ ነው የነገሯቸው። ደብዳቤው ይደርሳል አሉ።" ከዚያ "ሰውየው ግን አንድም ጊዜ ፊቴን አላዩኝም። ሂሳብ አስተማሪ ስለሚያጡ ተናደው ይሆን?" አለች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ ግን ሴቶች ከአንድ አጥር ሥር ቆመው አየሁ። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር፤ እኛን ስታይ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ቶሎ አስተካከለችው። ነጠላ ሲዘቀዘቅ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አናማ አላየችም። "አገሩን ስለምደው ጊዜ አገሩም ለመደኝ" እያለች ነበር።

ቅዳሜ የስልክ ቀን ነው። የቢቸና መስመር እጅግ ደካማ ስለነበረ ያልለመደ ጆሮ ከሹክሹክታ በቀር አይሰማበትም። ስለዚህ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የአንዱን ቃል ለሌላው የምታቀብለው ስልከኛዋ ፈንታነሽ ናት። እሷ ደግሞ የምታውቀው አማርኛ ብቻ ነው። ሁለቱ ህንዶች ፍቅራቸውን በእኛ ቋንቋ፣ በሌላ ሴት አፍ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው በሞላበት ክፍል ይነጋገሩ ነበር። ገበያተኛው ያዳምጣል፣ ይስቃል፣ ይመክራል። "ጉንፋኑ ካለቀቀው ፌጦ ይጠጣ በይው እንጂ!" ይሏታል። መጨረሻ ላይ ቼሪያን የአገሩን አንዲት አጭር ዜማ ያንጎራጉርላታል፤ ፈንታነሽም ተቀብላ እስከ መሀል ድረስ ታዜምና "ከዚህ ወዲያ መስመሩ ይበላዋል" ብላ ታቆማለች። አናማ ለዚያች ግማሽ ዜማ ስትል ግማሽ ቀን ተራ ትጠብቃለች።

የዚያን ቅዳሜ ግን ገና በሩ ላይ ስንታይ ተራ የያዘው ሰው ሁሉ ተነሥቶ አሳለፈን። ፈንታነሽ ቀና ሳትል ማዳመጫዋን አደረገች።

"ሃሎ ቢቸና! ሃሎ!" ጥቂት ቆየች። "መጥቷል። ሚስተር ቼሪያን መጥቷል።"

"ደህና ነህ ወይ በይው።"

"ደህና ነህ ወይ ትላለች... 'ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን' ይላል።"

አናማ ሳቀች። "ዛሬስ ጨዋ ሆኗል! ዘወትር የሚጀምረው ዝናቡን በመርገም ነው። ዝውውሬ ተፈቅዷል፣ ነገ መንገድ እጀምራለሁ በይው።"

ፈንታነሽ ነገረችው። ጠበቀች። እኛም ጠበቅን፤ ክፍሉ ውስጥ የሚያስል እንኳ አልነበረም።

"'ሰምቻለሁ' ይላል። 'እጠብቅሻለሁ' ይላል።"

"ምን ላምጣለት?"

"'ምንም አያስፈልገኝም' ይላል።"

"ምንም? ሩዝም?" አናማ ወደ ሰዉ ዞረች፤ እንደ ሌላው ቅዳሜ አብረዋት እንዲስቁ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። "እሺ፣ ምሳውን በልቷል?"

"'አልራበኝም' ይላል።"

ያን ጊዜ ነው ማገናኛ ሰሌዳውን ያየሁት። የቢቸና ገመድ ከቀዳዳው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ከፈንታነሽ ማዳመጫ የሚወጣው ሽቦም ከምንም ጋር አልተያያዘም። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና፣ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሎ፣ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች።

"ዜማዬስ?" አለች አናማ።

ፈንታነሽ ዓይኗን ገለጠች። እጇ ማዳመጫውን ሊያወርድ ተነሥቶ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ማንጎራጎር ጀመረች። ሁልጊዜ የምታቆምበት ላይ ደረሰች፤ አላቆመችም። ዜማው ወረደ፣ ዞረ፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው በኩል ሄዶ እስከ መጨረሻው አለቀ።

አናማ አጨበጨበች። "ዛሬ መስመሩ እንዴት ጥሩ ነው! ይኸ እኮ ነው ሙሉው!"

ፈንታነሽ ማዳመጫዋን ስታወልቅ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር።

አናማን ጓዟን እንድታሰናዳ ቤቷ ትቼ ወደ እትዬ ይርጋነሽ ገባሁ። ምስር ይለቅማሉ።

"እትዬ፣ የአናማ ባል ምን ሆኗል?"

"ምን ይሆናል? አሁን አነጋግራው አልመጣችም እንዴ?"

"ገመዱ አልተሰካም ነበር።"

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። "ያቺ ፈንታነሽ! ለወጉ እንኳ ሰክተሽ አውሪ አላልኳትም?" አሉ። ከዚያ ሰፌዱን ገፋ አደረጉት። "ማክሰኞ አረፈ። ተስቦ ነው አሉ። ቢቸናዎች ዕለቱኑ ቀበሩት። እንደ አገር ልጅ ነው ያለቀሱለት፤ ካህን አልቀረም።"

"ሚስቱ ሳታየው?"

"በዚህ ዝናብ ብትነሣስ ትደርሳለች? ብቻዋን እያለቀሰች ወንዝ ይውሰዳት? መርዶ ያለ ዘመድ ይነገራል ወይ፣ አንቺ! እናት እዚህ የላት፣ እህት የላት። ደብረ ማርቆስ ላለው ለአገሯ ሰው ተልኮበታል፤ ዛሬ ማታ ይገባል። ነገ ጎህ ሲቀድ ደግፈናት ይነገራታል። ከዚያ መቃብሩን ታያለች።"

"ዝውውሩስ?"

"ጓዟን እንድትሸክፍ ነዋ። አቶ ደምለው ምን ብሎ መንገድ ያስወጣት?" ቀና ብለው አዩኝ። "ላንቺ ያልነገርንሽ ከእሷ ጋር አንድ ግቢ ስለምታድሪ ነው። ፊትሽ ያሳብቃል ብለን። አሁንም እንዳትነግሪያት፣ ልጄ። ነውር ነው።"

በነገሩ ክፋት አልነበረበትም። ያለ ዘመድ የቀረችን ሴት ከተማው ሁሉ ተመካክሮ ዘመድ ሊሆናት ነበር። የባሌ ሞት ለእኔም የተነገረኝ እንዲሁ ነው፤ ወንድሞቼ እስኪሰበሰቡ ተጠብቆ። ሰው ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻ ሳላውቅ የሳቅሁባቸው ቀናት አሉኝ። ስለ እነሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አናማ ክፍሏ ውስጥ ምንጣፍ ትጠቀልል ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዜማውን ታንጎራጉራለች። በሩን ዘግቼ ስቆም እጇን ሳታቆም "እስቲ ንገሪኝ" አለች፤ "ሰው እንዲህ ደግ የሚሆነው ለምንድን ነው? ውሃ መጣ። ጣሪያው ተሠራ። ዝውውሩ ተፈቀደ። ተራ አሳለፉኝ። ዛሬ ጠዋት አንዲት የማላውቃት ሴት መንገድ ላይ እጄን ሳመችኝ። ደስ ይለኛል፤ ግን ፈራሁ።"

"አናማ" አልኳት፣ "ቼሪያን ማክሰኞ ሞቷል።"

ምንጣፉን ጠቅልላ ጨረሰች። በገመድ አሰረችው። ከዚያ በላዩ ላይ ተቀመጠች።

"ዛሬ ግን አነጋግሬዋለሁ" አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስኪጨልም ከዚያ አልተነሣንም።

ጎህ ሲቀድ መጡ። የግቢው በር ሲከፈት የብዙ ሰው እግር ጭቃው ላይ ሰማሁ፤ ድምፅ ግን የለም። ለቅሶው በአንድ ጊዜ እንዲነሣ ሁሉም አፉን ይዞ ነው የሚገባው። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ አቶ ደምለው፣ በመካከላቸው ከደብረ ማርቆስ የመጣው ህንዳዊ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ሙሾ የምታወርደው ሴት ደጃፉ ላይ እጇን አነሣች፤ ወደ ውስጥ ስታይ እጇ እንደ ተሰቀለ ቀረ። አናማ የአገሯን የሐዘን ልብስ፣ ነጭ ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ደርቋል። እነሱ የሚነግሯት ነገር አልነበረም።

እትዬ ይርጋነሽ ዞረው አዩኝ። ያን ቀንም ከዚያ በኋላም ስለዚህ ነገር ምንም ብለውኝ አያውቁም።

"ፈንታነሽ አለች?" አለች አናማ።

ሰዉ ከፈል አለ። ፈንታነሽ ከኋላ ወጥታ እግሯ ሥር ወደቀች።

"ይቅር በይኝ፣ እቴ! ሌላው ሁሉ ከራሴ ነው። እንድትረጊ ብለው አዘዙኝ፣ ተናገርኩ። ዜማው ግን..." ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ዜማው ከጆሮዬ ነው። መስመሩ ሞቷል፣ ገመዱም አልተሰካም። ግን ሰማሁት። መጨረሻውን ከየት ላውቀው? እመቤቴን! ሰማሁት።"

ሴቶቹ አማተቡ። አንድ ሽማግሌ "ዝም በይ" አሏት። አናማ ግን አልተደነቀችም።

"ዜማውን ለእግዚአብሔር እተወዋለሁ" አለች ቀስ ብላ፣ ቃል እየመረጠች። "ያለፈው ሳምንት ቅዳሜስ? እሱ ነበር?"

"እሱ ነበር። በልጄ እምላለሁ፣ እሱ ነበር።"

"ምን አለ?"

ፈንታነሽ አፏን ከፈተች። "'ደህና ነኝ'... አይ፣ ያ የትናንቱ ነው። ዝናቡን ረገመ መሰለኝ። ወይስ ያ ከዚያ በፊት ነው? 'እጠብቅሻለሁ' ያለው..." ቆመች። "ያንን እኔ ነኝ ያልኩት። ገበያ ነበር፣ እቴ፤ የስንቱን ሰው ቃል ሳቀብል ነው የዋልኩት። የትናንቱ በላዩ ላይ መጣበት።"

አናማ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ያን ቅዳሜ አብሬያት ነበርኩ። አሰብኩ። የሚታወሰኝ ሰዉ ሲስቅ ነው፤ በምን እንደሳቀ አላውቅም። እሷም ስለሚያፈሰው ጣሪያ ስታማርር እንደነበር እንጂ እሱ ምን ብሎ እንደመለሰላት አታስታውስም። ያን ቅዳሜ ስልኩ ክፍል ውስጥ ተራ ይጠብቁ የነበሩትን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። አንዱ ስለ ጉንፋን ነው አለ፤ ሌላዋ ስለ ሩዝ ነው አለች፤ እርስ በርስ ተከራከሩና ተፋፍረው ዝም አሉ።

ከዚያ ለቅሶው ተነሣ።

በዚያው እሁድ ረፋዱ ላይ በበቅሎ ወደ ቢቸና ሄደች፤ መቃብሩንም አሳዩአት፤ ክረምቱ ሲወጣ ወደ አገሯ ተመለሰች። መቃብሩ ዛሬም ቦታው ላይ ነው። የመጨረሻ ቃሉ ግን የለም።