የአባታችን ግራ እጅ

ጠዋት ሐውልቱን ጋሪ ላይ ስንጭን እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ታላቅ እህቴ፣ እታለም፣ ከሲሚንቶና ከሽቦ የሠራችው የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቁመቱ እኔን ያክላል። የውኃ መሥሪያ ቤቱ ስጦታውን እቀበላለሁ፣ የመስመር ሠራተኞች መታሰቢያ አድርጌ በታችኛው አዳራሽ አቆመዋለሁ ብሎ ደብዳቤ ጽፎላታል። ደብዳቤው ላይ ያልተጻፈው ነገር ፊቱ የአባታችን መሆኑ ነው። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ከከተማ ውጭ ያለውን የላይኛውን ቫልቭ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሮ፣ ያንን አዳራሽ አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጥ ሞተ። እታለም ዓመት ሙሉ እጇ በሲሚንቶ እየተላጠ የለፋችው እሱን እዚያ ለማስገባት ነው።

አዳራሹ ታጥቦ ያበራል። ሰው ተራ ከሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት መቆሚያው ተሠርቶ ይጠብቀናል። እማዬ የክት ልብሷን ለብሳ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጇ ሁላችንንም ጨበጡን።

ከዚያ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ቅጻቸውን ይዘው መጡ። ሠራተኛው «ጋሽ ጎደለ» ይላቸዋል፤ ምስማር እንኳ ሳይቆጥሩ አይረከቡም። ሐውልቱን እንደ ማንኛውም ዕቃ ከባርኔጣው እስከ ጫማው ፈተሹት። ግራ እጁ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ የሉም። «ጉድለት አለበት» ብለው ጻፉ።

እታለም መንገድ ላይ እንዳልተሰበረ፣ አባታችን ራሱ ሁለት ጣቱን ቫልቭ ቆርጦት እንደነበር አስረዳች። ጋሽ ጎደለ ማስረጃ ጠየቁ። ማስረጃ ከየት ይምጣ? አባታችን ያን ዕለት እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ለማንም ሳይናገር ሥራውን ቀጥሏል። ጉድለት ያለበት ስጦታ ደግሞ መረከብ ክልክል ነው።

ሥራ አስኪያጇ ሰዓታቸውን አዩ። «ልጄ፣ ሁለት ጣት ምን ያህል ሥራ ነው? እስከ ከሰዓት በኋላ ለጥፊበትና እንገላገል።»

እታለም ሐውልቱን ቀና ብላ አየችው። «የሌላ ሰው እጅ ልስጠው?» አለች ቀስ ብላ። «ይዤው ብመለስ ይሻለኛል።»

እኔ ቢሮ ስገባ ስሜን እንኳ አስደግመውኝ ነው የሚሰሙት። እማዬን አየኋት፤ መርፌ እንደያዘ ሰው ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ያኔ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ፣» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ከላይኛው ቫልቭ የሚመለስ ጓንት ያስታውሳሉ? ግራው ሁለት ጣቱ የተሰፋ?»

እስክሪብቷቸው ቆመ። እዚያ መሥሪያ ቤት አሮጌው ጓንት ሳይመለስ አዲስ አይሰጥም፤ የአባታችንንም ከሌሎቹ ጋር አስሮ የሚያመጣው የመስመር አለቃው ነበር። ጋሽ ጎደለ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄዱ፤ አቧራ የጠጣ መዝገብ ታቅፈው ተመለሱ። ራሳቸው የጻፉትን በጣታቸው እየተከተሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦ «ከላይኛው ቫልቭ፣ አንድ ጥንድ፣ የግራው ሁለት ጣት የተሰፋ፣ ጉድለት አለበት።» ገለጡ፤ አሁንም ያው ነው። እንደገና ገለጡ። የአሥራ አንድ ዓመት ጓንት።

«እኔ እኮ ይሄ ሰውዬ ያሾፍብኛል ብዬ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፌበታለሁ» አሉ።

«የማስጠንቀቂያ ወረቀቶቹ እኔ ጋ አሉ» አለች እማዬ ከተቀመጠችበት። «ጓንቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ባዶው ጣት ቫልቩ ውስጥ እየገባ አስቸገረው።»

ጋሽ ጎደለ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ንጹሕ ነበር። ቅጹ ላይ የጻፉትን ሰርዘው፣ «ከመዝገብ ጋር ተመሳክሮ ሙሉ ሆኖ ተገኝቷል» ብለው ጻፉና ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መቱት። እታለም ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎባት ትከሻዬን ደቃችኝ።

ከሠራተኞቹ ጋር ስድስት ሆነን ሐውልቱን አነሳነው። ጋሽ ጎደለ ግራ እጁን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ይሄን እጅ እንዳትነኩብኝ!» እያሉ እስከ መቆሚያው ድረስ ጮኹብን።