የእማማ ቶሎ ሐረግ

እማማ ቶሎ ከደጇ ማንንም ባዶ እጁን አትሸኝም ነበር። አዋላጅ ነበረች። ሰፈሩ «እማማ ቶሎ» የሚላት፣ ምጥ የያዛትን ሴት «ቶሎ በይ የኔ እመቤት፣ እንግዳ በር ላይ አይቆምም» እያለች ስለምታዋዛት ነው። ልጁ ተወልዶ፣ ተጠራርጎ፣ እናቱ ደረት ላይ ከተኛ በኋላ ከቦርሳዋ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለች የሐረግ ቁራጭ ታወጣለች። «ይቺን በራችሁ ላይ ትከሉ። ከልጃችሁ ጋር ትደግ» ብላ ትሄዳለች።

የመጀመሪያዋን ያመጣቻት ሙያውን ከተማረችበት የወደብ ከተማ ነው። አበባዋ ሐምራዊ ሆኖ ቁልቁል እንደ ደወል ይንጠለጠላል። በገዛ አጥሯ ሥር ተከለቻት፤ ከዚያች ከአንዷ ተቆርጦ ለሰፈሩ በር ሁሉ ተዳረሰ። ሰው ቤት ልጅ መኖሩን ለማወቅ ማንኳኳት አያስፈልግም ነበር፤ አጥሩን ቀና ብሎ ማየት ይበቃል።

ሐረጉ ግን በቃኝ የሚል አልሆነም። የፍሬ ዛፎች ላይ ወጥቶ ፀሐይ ከለከላቸው፤ በቁማቸው ደረቁ። የጣራ ክዳን ፈልቅቆ ኮርኒስ ውስጥ ገባ። ቧንቧ ሰብሮ ጠጣ። ሰው ሲመረው በገጀራ ይከታትፈውና ቁርጥራጩን ቦይ ውስጥ ይጥለዋል፤ ቁርጥራጩ በወደቀበት ሥር ይሰዳል፤ ጎርፍ የወሰደው ደግሞ ከታች ያሉትን እርሻዎች አለበሳቸው። እማማ ቶሎ ይህን ሁሉ ሳታይ ሞተች። ልጇ ይህን ባሰበች ቁጥር «እንኳንም» ይላታል ልቧ፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ ታፍራለች።

ማዘጋጃ ቤቱ የነቀላ ቡድን ሲያቋቁም፣ ትሠራበት የነበረው የልብስ ስፌት ድርጅት ተዘግቶ እቤት ውላ ነበርና ገባች። ግንዱን ከመሬት ጠጋ አድርጎ በመጋዝ መቁረጥ፣ ጉቶው ሳይደርቅ መርዙን በብሩሽ መቀባት፣ የወደቀውን አንዲት ቅጠል ሳትቀር በጆንያ ከትቶ ማቃጠል ነው ሥራው። ጉቶው ካልተቀባ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ከበፊቱ ብሶ ይመጣል።

«እናት ትተክላለች፣ ልጅ ትነቅላለች» አለ አንድ ቀን የመጋዙን ሌላ ጫፍ የሚይዝላት ወፍራሙ የሥራ ጓደኛዋ። «እናንተ ቤት መቼም ሥራ አይጠፋም።»

«አንተንም ያዋለደችህ እሷ ናት» አለችው። «የነካችው ሁሉ አልሰመረላትም።»

አለቃቸው ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወደ ጎን ሳብ አደረጋት። «የናንተውስ አጥር? ሰው እያወራ ነው። ‹የኛን ነቅላ የራሷን ትንከባከባለች› ይሉኛል። እስከ ዓርብ ካልቆረጥሽው እኛ እንመጣለን። አባትሽ ፊት መጋዝ ይዤ መግባት አልፈልግም፤ እባክሽ አታስገድጂኝ።»

አባቷ አናጢ ነበር። ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ከጥላ በቀር አያይም። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ቀኑን የሚገፋው ሐረጉ ሥር ወንበር አውጥቶ ነው። ንቦቹ ሲመጡ ረፋድ መሆኑን ያውቃል፤ ድምፃቸው ሲጠፋ መሽቷል ብሎ ወንበሩን አንጠልጥሎ ይገባል። አንዳንዴ ግንዱን እየዳሰሰ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወራ ታገኘዋለች፤ እሷን ሲሰማ ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

«አባዬ፣ ጣራውን እየጎተተው ነው። ማታ ሲንቋቋ አልሰማኸውም?»

«ሰምቻለሁ። እንጨት ያወራል። ዕድሜ ልኬን ስሰማው የኖርኩት ነው።»

«አለቃው እስከ ዓርብ ብሏል።»

«አለቃሽ ሲወለድ በእግሩ ነበር የመጣው፤ ታውቂያለሽ? እናቱም እሱም አለቀላቸው ተብሎ፣ እናትሽ እዚያው ስትታገል አድራ ጠዋት ሁለቱንም አትርፋ ገባች።» ግንዱን ዳሰሰ። «በይ ንገሪው። መጀመሪያ እኔን ይንቀል።»

እሷስ ብትሆን ምን ቀራት? በየበሩ እየዞረች እናቷን ስትቆርጥ ነው የከረመችው። ከየበሩ የቀረችው ይቺ ብቻ ናት።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው መጣ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ ነው። ይህ ሰው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ በአራት ዓመቷ ትኩሳት ወሰዳት። እማማ ቶሎ ከተቀበረች ብዙም ሳይቆይ ነው። «ያዋለደቻት ትጠብቃት» ብሎ አጠገቧ ያስቀበራት እሱ ራሱ ነው።

«አባባ፣ ልጄን አጣኋት» አለ።

ሽማግሌው ግራ ገባው። «ምን ማለትህ ነው ልጄ?»

«መቃብሯን። ዝናቡ እስኪያባራ አልሄድኩም ነበር። ዛሬ ብሄድ ድንጋይዋ የለችም። ቅጠል ብቻ ነው። ገላልጬ ገላልጬ አቃተኝ።»

የሽማግሌው ልጅ ነገሩ ወዲያው ገባት። እናቷ የተቀበረች ቀን ያዋለደቻቸው ሴቶች ሁሉ ከየበራቸው አንዳንድ ቁራጭ ቆርጠው መጥተው፣ አፈሩ ላይ እየሰኩ ነበር የተሰናበቷት። ማንም ባዶ እጁን አልመጣም። በዚያን ሰዓት ከዚያ የሚያምር ነገር ያየ ሰው አልነበረም። ቡድኑ ደግሞ መቃብሩን ለመጨረሻ ብሎ ትቶታል።

«ውሰዱኝ» አለ አባቷ ተነስቶ።

የመቃብሩ ቦታ የሰው ቁመት የሚያህል አረንጓዴ ክምር ሆኖ ጠበቃቸው። የእናቷም ድንጋይ አይታይም። በገጀራ መንገድ እየከፈተች ገባች፤ ጋጋሪው ከኋላዋ በእጁ ይጎትታል፤ እጁን ሐረጉ ቧጥጦት ደም በደም ሆኗል። አባቷ ጥቂት ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና በጉልበቱ ተንበረከከ። ቅጠሉ ሥር እጁን ሰዶ መሬቱን ስንዝር በስንዝር መዳሰስ ጀመረ።

«ቆይ» አለ። «ቆይ፣ ቆይ። ድንጋይ ነው።»

ትንሽ ድንጋይ ናት፤ ወደ ጎን ተገልብጣለች። ጣቶቹን ፊደሎቹ ላይ አንሸራተተ። «ስሟ እዚህ አለ። መጣች ልጅህ።»

ጋጋሪው እዚያው ዘፍ አለ።

የሽማግሌው እጅ ግን አልቆመም። ከድንጋዩ ሥር ክንድ የሚያህል ሥር አገኘ፤ ድንጋዩን የፈነቀለው እሱ ነው። ሥሩን ተከትሎ ዳሰሰ። ከሚስቱ መቃብር ነው የሚነሳው። «ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቀ።

ሴት ልጁ የሚሄድበትን እያየች ነው።

«ወደ ታች» አለ ጋጋሪው። «ወደ ልጄ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሳበ። ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ፣ «መጋዜን አምጪልኝ» አላት።

«እኔ እቆርጠዋለሁ አባዬ፣ አንተ ግባ።»

«መጋዜን አልኩሽ።»

አመጣችለት። የመጋዙን ጥርስ በአውራ ጣቱ ሞከረና ግንዱን አቅፎ ውፍረቱን ለካ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ «ከተቆረጠች መልሳ ትበቅላለች፣ አይደል?» አለ።

«ትበቅላለች» አለችው።

እጁ ሙያውን አልረሳም። መጋዙ አንድም ጊዜ ሳይነክስ፣ በእኩል ምት ሄደ። ግንዱ ሲለቅ የጣራውን ክዳን ሁለት ሦስቱን ይዞ ወረደ፤ አበባው በሙሉ ግቢው ላይ ተነጠፈ። እሱ መጋዙን ይዞ ባለበት ቆሞ ቀረ።

ጓንቷን አጠለቀች። የመርዙን ቆርቆሮ ቀስ ብላ ከፈተች፤ ክዳኑ እንዳይጮህ በጨርቅ ይዛ ነው። ብሩሹን ነከረች። ጉቶውን ድምፅ እንዳታሰማ እየተጠነቀቀች ቀባችው፤ እንባዋ ዓይኗን ጋርዷት በደንብ አታይም ነበር።

አባቷ ጎንበስ አለ። ልታስቆመው ሳትችል አውራ ጣቱን ጉቶው ላይ አሳርፎ ጠርዙን መዞር ጀመረ፤ ድሮ የቫርኒሽ ሥራውን ሲጨርስ እንደሚያደርገው። ከግድግዳው በኩል ጣቱ ቆመ።

«እዚህ ጋ ደረቅ ነው» አለ። «አልደረስሽበትም።»

ብሩሹን መልሳ ነክራ፣ ጣቱ የቆመበትን ቦታ ቀባች። ከዚያ እጁን ይዛ ወደ ቧንቧው ወሰደችው፤ ጣት በጣት በሳሙና አጠበችው። እሱም እንደ ልጅ እጁን ዘርግቶ ታጠበላት።

ወንበሩን አስጠግታ አስቀመጠችው። ንቦቹ አበባው በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ለጥቂት ጊዜ ሲዞሩ ቆዩና አንድ በአንድ ሄዱ። ግቢው ጸጥ አለ።

ገና እኩለ ቀን ነበር። አባቷ ራሱን ወዲህ ወዲያ አዙሮ አዳመጠ።

«ልጄ» አላት፣ «መሽቷል እንዴ?»