ፍረጂ እንጂ አታስታርቂ

መጀመሪያ የወደቅኩት በማስታረቄ ነው።

ሌላው ሰው ፈተና የሚወድቀው ሳያጠና ቀርቶ ነው፤ ወይ እንግሊዝኛው አልገባ ብሎት፣ ወይ የዚያን ዕለት ሆዱን ቆርጦት። እኔ ግን ለማታው የሕግ ትምህርት መግቢያ ፈተና ተቀምጬ፣ ቋንቋውን በደህና ሠርቼ፣ ስሌቱንም እንደምንም ተወጥቼ፣ መጨረሻ ላይ የቀረቡልኝን ሁለት ባላጋራዎች አስታርቄ ወጣሁ። ጥያቄው አንድ አጭር ሕግ ይሰጣል፤ ከሥሩ የሁለት ሰዎችን ጠብ ያስከትላል፤ ከዚያ «ማን ይረታል? ምክንያትህን ጻፍ» ይላል። እኔ የጻፍኩት ሁለቱም ጥቂት ጥቂት እንዳጠፉ፣ ጉዳቱን እኩል እንዲካፈሉና ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለው በሰላም እንዲሄዱ ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን፣ ጸሎት እንደ ኋላ ቀርነት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄጄ እግዚአብሔርን ሽማግሌ ማድረጌን ሳስበው አሁን ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም።

ይህ አመል ከማን እንደተጋባብኝ አላጣሁትም። አባቴ አቶ ደገፋ ሙያቸው ልብስ ሰፊነት ነው፤ ግን ልደታ ውስጥ የሚታወቁት በቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢነታቸው ነበር። እሳቸው ፊት ቀርቦ ጥፋተኛ ተብሎ የወጣ ሰው የለም። ሁለት ሴቶች ቦኖ ውኃ ላይ ተጣልተው አንዷ የሌላዋን እንስራ ከሰበረች፣ «አንቺ ሰበርሽ፤ አንቺ ደግሞ መንገድ ላይ አስቀመጥሽ» ይሉና የእንስራውን ዋጋ ለሁለት ይከፍሉታል። ሴቶቹ ጉልበት ስመው ይወጣሉ። ሰው በረባ ባልረባው በሚታሰርበት በዚያን ጊዜ ከሸንጎ ሁሉም ሰው እቤቱ መግባቱ ትልቅ ነገር ነበር። ይህን አልክድም።

ችግሩ እኔንም እንደ እንስራው ማድረጋቸው ነው።

ባሌ ሙለታ ሰው ፊት ጨዋ፣ ቤት ውስጥ ግን እጁ የማያርፍ ሰው ነበር። መጀመሪያ ሲመታኝ ወደ አባቴ ቤት ሮጥኩ። በሳምንቱ ሙለታ ሽማግሌ ልኮ ታረቅን፤ ሙለታ እጁን፣ እኔ ድንቅነሽ ደግሞ ምላሴን እንድንሰበስብ ተወሰነና ተመለስኩ። ሁለተኛ ስመጣ ግራ ጆሮዬ አይሰማም ነበር። አባቴ ጆሮዬን አይተው አለቀሱ። አልቅሰው ሲያበቁ ያንኑ ሽማግሌ ተቀብለው አስቀመጡና ጥፋቱን እንደገና ለሁለት ገመሱት። በሦስተኛው ከማንም ፊት አልቀርብም ብዬ እምቢ አልኩ፤ ከዚያ ወዲህ እኖር የነበረው አባቴ ዘንድ ነው።

እነሆ ሕግ መማር ያማረኝ በዚህ ነው። ሌላው ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ሲል እማራለሁ ይል ነበር፤ እኔ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ጮክ ብሎ «ጥፋተኛው እሱ ነው» እንዲል ስለፈለግኩ ብቻ ነው። እንዲህ የሚሉ ሰዎች የሚገኙበት ቤት ይኸው የሕግ ቤት መሰለኝ። ለዚህ ብዬ ሄጄ እኔው ራሴ ግማሽ ለግማሽ መፍረዴ ነው የሚያንገበግበኝ።

ወድቄ ስመጣ አባቴ «ለመሆኑ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ እንደሚፈርዱት ነው የጻፍኩት።»

ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሽው?» አሉ።

ታይፒስት ሆኜ የምሠራው ሜክሲኮ አጠገብ ያለ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ለፈተናው ከአለቃ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አለቃዬ አቶ ኃይለሚካኤል በዓመቱ ደብዳቤውን ፈርመው ሲሰጡኝ «ድንቅነሽ፣ ይቺን በመከራ ነው የፈረምኳት። በየዓመቱ ሠራተኛ ለፈተና እየለቀቅኩ ምን ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ? ሦስተኛ እንዳትመጪብኝ» አሉኝ። ሰውየው ቃላቸውን የሚያጥፉ አይደሉም። ስለዚህ ያ ዓመት የመጨረሻ ዕድሌ ነበር።

ወደ ዙሃራ ሄድኩ። ዙሃራ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ እኔ በወደቅኩበት ዓመት እሷ አልፋ ማታ ማታ ትማር ነበር። ቀን ቀን አብነት ሰፈር የአባቷን ሱቅ ትጠብቃለች። ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ የሚሸጥባት፣ ሁለት ሰው ከቆመባት የምትሞላ ሱቅ ናት። ከሥራ ስወጣ በእግሬ እሄድና ከባንኮኒው ኋላ የክር ካርቶን ላይ እቀመጣለሁ። እሷ የማታ ክፍል ስላለባት፣ ሰዓት እላፊውም ስላለ ቶሎ ቶሎ ነበር የምንሠራው።

የዙሃራ ማስተማሪያ ዘዴ አንድ ብቻ ነው። ሕጉን ትነግረኛለች፣ ጠቡን ትተርክልኛለች፣ ከዚያ «ስም ጥሪ» ትላለች።

«ሕጉ፣ የተዋሰ ሰው ዕቃውን እንዳለ ይመልስ ይላል። አንዱ የጎረቤቱን ሬዲዮ ተዋሰ። ልጁ ጣለበትና ተሰበረ። ስም ጥሪ።»

«ልጅ እኮ ነው የሰበረው። ባለ ሬዲዮውም ቢሆን ልጅ ያለበት ቤት...»

«ድንቄ፣ ስም።»

«ሰውየው ድሃ ቢሆንስ?»

«ድህነቱን ጠየቁሽ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ያልተጠየቅሽውን አትመልሻ። ፍረጂ እንጂ አታስታርቂ።» ይህን ስትል ደንበኛ ከመጣ እዚያው አቋርጣ ዚፕ ትለካለታለች፤ ደንበኛው ሲወጣ ዓይኗን መልሳ እኔ ላይ ታፈጣለች። ስሙን ካልጠራሁ ወደሚቀጥለው አታልፍም። አንዳንድ ቀን ተናድጄባት ተነስቼ እሄዳለሁ። በማግስቱ ግን እመለሳለሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ።

አንድ ጊዜ አምርሬ «አንቺ ሆድ የለሽም። ሰውየው አያሳዝንሽም?» አልኳት።

«ያሳዝነኛል እንጂ። መጀመሪያ ፍረጂና ከዚያ እንደፈለግሽ እዘኚለት። አንቺ ግን አስቀድመሽ ታዝኚና ፍርዱን ትረሺዋለሽ።»

ይህ ነገር ገባኝ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ሸንጎ ላይ ሲያስችሉ ከኋላ ተቀምጬ፣ እሳቸው ጥፋቱን ሲያካፍሉ እኔ በልቤ ስም እጠራ ጀመር። መጀመሪያ መጀመሪያ የሰረቅኩ ያህል ይጨንቀኝ ነበር። እየቆየ ግን ስሙ ቶሎ ይመጣልኝ ጀመር። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«ያቺ አጥሩን የገፋችው ሴትዮ ናት ጥፋተኛዋ። ሌላዋ ምንም አላጠፋችም።»

«ጠፍቶኝ መሰለሽ?» አሉ አባቴ፣ ምንም ሳይደነግጡ። «ማወቁማ ቀላል ነው። ነገ ጠዋት ግን ሁለቱ ባንድ ቦኖ ነው የሚቀዱት።»

እውነታቸውን ነበር። ግን ደግሞ ያቺ ምንም ያላጠፋች ሴትዮ ከሸንጎው ስትወጣ ፊቷን አይቼዋለሁ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው።

የፈተናው ቀን እሑድ ዋለ። እሑድ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ከስብሰባ የቀረ ሰው ደግሞ የስኳር ተራው ሊያልፈው ይችላል። አባቴ ለሊቀ መንበሩ ነግረው አስፈቀዱልኝ። የክረምቱ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ልደታ ጭቃ በጭቃ ሆናለች። የቆዳ ጫማዬን በእጄ ይዤ በፕላስቲክ ጫማ እስከ ሜክሲኮ ሄድኩና በአንበሳ አውቶቡስ ስድስት ኪሎ ደረስኩ።

አዳራሹ ውስጥ የብዙ እርጥብ ካፖርት ሽታ ነበር። አጠገቤ የወታደር ልብስ የለበሰ ጎልማሳ፣ ከፊቴ ደግሞ አስተማሪ የምትመስል ሴት ተቀመጡ። ቋንቋው አላስቸገረኝም። ስሌቱ ትንሽ ላብ አስወጣኝ፤ ግን አለፍኩት። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ዕቃ በአደራ የተቀበለ ሰው፣ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ለሌላ ካዋሰው፣ ለደረሰበት ጉዳት ሁሉ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ኃላፊ ነው። ጠቡ ደግሞ ይህ ነው፦ የአንድ ዕድር ድንኳን በአደራ የተቀመጠበት ሰው ነበር። የዕድሩ አባል ያልሆነች አንዲት መበለት ልጇ ሞቶባት ልቅሶ የምትቀመጥበት አጣች። ሰውየው አዝኖላት የዕድሩን ዳኛ ሳይጠይቅ ድንኳኑን ሰጣት። ሌሊት ዐውሎ ነፋስ ተነስቶ ድንኳኑን ቀዳደደው። ዕድሩ ይክፈለን ይላል፤ ሰውየው ደግሞ እኔ ነፋስ አላስነሳሁም ይላል። ማን ይረታል?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ያወጣ ሰው እኔን ያውቀኝ መሰለኝ። ልጇ የሞተባት ሴት፣ ያዘነላት ሰው፣ ከዚያ ነፋስ። እዚህ ውስጥ አንድ እንኳ ክፉ ሰው የለም። ይህ ጠብ አባቴ ፊት ቢቀርብ ዕድርተኛው ሁሉ አልቅሶ፣ ድንኳኑን በጋራ ጠግኖ፣ ሰውየውን መርቆ ይበተን ነበር። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምፈልገው። እስክሪብቶዬን አንስቼ «ሰውየው ያደረገው በደግነት በመሆኑ» ብዬ ጻፍኩ።

እዚያ ላይ ቆምኩ። ደግነቱን ማን ጠየቀኝ? ሙለታም እኮ ሽማግሌ ፊት ሁልጊዜ የሚያሳዝን ነገር አያጣም ነበር፤ አንዴ ሥራ በዝቶበት፣ አንዴ ወንድሙ ታስሮበት። የሚያሳዝን ነገር መኖሩን እንጂ ያደረገውን ማንም አይቶ አያውቅም። የጻፍኩትን በአንድ መሥመር ሰረዝኩና ከሥሩ እንዲህ አልኩ፦ «ዕድሩ ይረታል። ድንኳኑን የተቀበለው በአደራ ነው፤ ሳያስፈቅድ ለሌላ ሰጥቷል፤ ሕጉ የጉዳቱን ምክንያት አይጠይቅም። ሰውየው ይክፈል።» ዕድሩ ሊምረው ከፈለገ ይማረው፤ ያ የዕድሩ ፈንታ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ወረቀቱን ሳስረክብ ለሰውየው አዘንኩለት። አውቶቡስ ውስጥም እያዘንኩለት ነበር። ግን አልጸጸተኝም።

ነሐሴ ውስጥ ውጤቱ ተለጠፈ። ከዙሃራ ጋር ነበር የሄድነው። እኔ በሚሰማኝ ጆሮዬ በኩል ቆማ ስሞቹን እየተከተለች ስታነብ ድንገት ክንዴን ጨበጠችኝ። ድንቅነሽ ደገፋ። አለ፤ ስሜ አለ። ዙሃራ መንገዱን ሁሉ እየሳቀችብኝ፣ እኔ መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ተመለስን።

ቤታችን ደጃፍ ላይ ስደርስ ጃንጥላዎች ተደርድረው አየሁ። ውስጥ አባቴ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው የሙለታ ሽማግሌ አቶ ሀብተሥላሴ ከሌላ ሰው ጋር፣ በሩ ጥግ ደግሞ ሙለታ ራሱ አንገቱን ደፍቶ።

አባቴ ግን ቀድመው «እህስ?» አሉኝ።

«አለፍኩ አባባ።»

ፊታቸው በራ። አቶ ሀብተሥላሴም ጊዜ አላጠፉም። «እሰይ የኔ ልጅ። እንግዲህ ነገሩ ከዚህ የበለጠ አይቃናም። ሙለታ የማታ ትምህርቱን ይፍቀድላት፤ እሷም ወደ ቤቷ ትግባ። እሱም ይሰጣል፣ እሷም ትሰጣለች።»

«ፈቅጃለሁ» አለ ሙለታ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «እንዲያውም ማታ ማታ ከስድስት ኪሎ ራሴ አመጣታለሁ።»

አባቴ አዩኝ። እንዲህ ያማረ እርቅ እሳቸው ራሳቸው እንኳ አዘጋጅተው አያውቁም። ዓይናቸው እሺ በይ ይለኛል። ደክሞኝ ነበር፤ እሺ ማለት ሁሉንም ሰው ደስ ያሰኝ ነበር። ግን ነገሩን በልቤ ሳሰላው ልክ አልመጣልኝም፤ ሙለታ ሰጠ የተባለው የራሴን ነው።

«ትምህርቱ የእኔ ነው፤ ተፈትኜ ያለፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ የሚፈቅደው ነገር የለም። የመታኝ ሙለታ ነው፤ እኔ አልመታሁትም። ጥፋተኛው እሱ ብቻ ነው። አልመለስም።»

አቶ ሀብተሥላሴ ወደ አባቴ ዞሩ። «አቶ ደገፋ፣ ልጅዎን ይምከሩ እንጂ።»

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ጀመረ። አባቴ ወደ በሩ ጥግ ተመለከቱ።

«ሙለታ፣ መትተሃታል?»

«አባቴ፣ ሰው ሲናደድ እኮ...»

«መናደድህን አልጠየቅኩህም። መትተሃታል ወይስ አልመታሃትም?»

«መትቻለሁ።»

«እንግዲያው የሚታረቅ ነገር የለም» አሉ አባቴና ተነሡ። ጃንጥላዎቹን አንድ በአንድ አንስተው ለባለቤቶቹ ሰጧቸው። በትሕትና ነበር የሰጧቸው፤ ግን ተቀመጡ አላሏቸውም።

በሩን ዘግተው ሲመለሱ ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም፤ ፊቴ ቆሙ። በሕይወቴ አባቴ እንደ ባለጉዳይ ፊቴ ሲቆሙ አይቼ አላውቅም።

«በመጀመሪያው ቀን ይህን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አሉ።

ምንም አይደለም አባባ ልላቸው ነበር፤ አፌ ላይ ደርሷል። «እኔም በደንብ ሳልነግርዎ ቀርቼ ነው» ብዬ ግማሹን ለራሴ ብወስድ የአባቴ ልብ ያርፍ ነበር። እወዳቸዋለሁ፤ ልባቸው እንዲያርፍም እፈልግ ነበር።

«አዎ አባባ» አልኳቸው። «እርስዎ ነበሩ።»

አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ አልተከራከሩኝም። ከዚያ አብረን ቁጭ አልንና ሁለታችንም አለቀስን።