የዶክተሩ ወንበር ያማራቸው ቆራሌ

ራውያ አኮርዲዮኗን ተሸክማ ከአውቶቡስ በወረደች ቁጥር የሆስፒታሉ ዘበኛ ሲድሁም ያችኑ አንዲት ቀልዱን ይወረውርባታል።

"ዛሬ ደግሞ የማን ሰርግ ነው?"

"ያንተ! ሙሽራዋ ግን ስታይህ ሮጣ አመለጠች።"

ሰው ሁሉ የሚያስበው እንደሱ ነው። በሹብራ ሰፈር አኮርዲዮን ያነገተች ልጅ ከታየች፣ እዚያ አካባቢ ሰርግ አለ ማለት ነው። ራውያም ብትሆን አባቷ የሰርግ ባንድ አለቃ ነው፤ አኮርዲዮኑን ሳይቀር የወረሰችው ከእሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ በሙዚቃ ማከም ተምራ የተመረቀች ቀን እናቷ እንኳን ደስ አለሽ ከማለቷ በፊት፣ "ለበሽተኛ ልትጫወቺ? ሰርግ ላይ ቢያንስ እራት ይበላል!" ነበር ያለቻት።

ሆስፒታሉ ለሙከራ ወስዷት ከደረጃው ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጥቷታል። መስኮቷ ወደ መንገዱ ነው፤ ሲከፍቷት የታክሲው ጩኸት ሁሉ ይገባል። ኃላፊው ዶክተር ሚድሐት ግን ክፍሏን የሚፈልጋት ለሌላ ጉዳይ ነው። ኮሪደሩ እግሩ በተሰበረ አልጋና ጎማው በወለቀ ዊልቸር ተጨናንቆበት፣ ያንን ግሳንግስ ሁሉ እዚያች ክፍል ማጎር አምሮታል።

"ስሚ ራውያ፣" አላት አንድ ቀን። "ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ዓም ሸሃታ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ሐሙስ መጥቼ ከአፋቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ከሰማሁ ክፍሏ ያንቺ ናት። ካልሰማሁ ግን ወደ ሰርግሽ።"

ዓም ሸሃታ፣ ማለትም አጎት ሸሃታ፣ ዕድሜ ልካቸውን በሹብራ ጋሪ እየገፉ አሮጌ ዕቃ ሲገዙ የኖሩ ቆራሌ ናቸው። ስትሮኩ ቀኝ እጃቸውንና ንግግራቸውን ወሰደባቸው። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ይረዳሉ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የሚወጣው "እእ... እእ..." ብቻ ነው። ያኔ ይበሽቁና ትራሳቸውን ይወረውራሉ። ትራሱን የሚያነሱት ሚስታቸው ኡም ፈትሂ፣ የፈትሂ እናት፣ ናቸው። ኡም ፈትሂ ደግሞ ባላቸው ዝም ካሉ ወዲህ ለሁለት ያወራሉ።

"ዓም ሸሃታ፣ እንዴት አደሩ?"

"ደህና ነው ያደረው፣" ይላሉ ኡም ፈትሂ።

"ምን ዓይነት ዘፈን ይወዳሉ?"

"የድሮ የፍቅር ዘፈን! ረጅሙን! ሻይ ተፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆው እስኪታጠብ አንዱ ስንኝ የማያልቀውን!"

ራውያ እንደተማረችው ንግግርና ዘፈን ጭንቅላት ውስጥ የሚኖሩበት ቤት ይለያያል። የንግግሩ ቤት ቢፈርስም የዘፈኑ ቤት አንዳንዴ ሳይነካ ይተርፋል። ሰውየው በደንብ የሚያውቀውን ዜማ ከያዘ፣ ቃሉን በዜማው በር በኩል ቀስ እያሉ ማስወጣት ይቻላል። እናም አኮርዲዮኗን ከፍታ የፍቅር ዘፈን ተጫወተች። ኡም ፈትሂ መሀረባቸው እስኪርስ አለቀሱ። ዓም ሸሃታ ተኙ። በማግስቱም ተጫወተች፤ ኡም ፈትሂ አለቀሱ፣ ዓም ሸሃታ አንኮራፉ። በሚቀጥለው ቀን ትራሱ አኮርዲዮኑ ላይ አረፈ።

ረቡዕ ሲደርስ ራውያ ጨነቃት። ዓም ሸሃታን ወደ ክፍሏ አውርዳ ዊልቸራቸውን መስኮቱ አጠገብ አስጠግታ ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለች።

"ዓም ሸሃታ፣ ነገ እኔን ሊያባርሩኝ ነው። እውነቱን ይንገሩኝ፣ እነዚህን ዘፈኖች ይወዷቸዋል?"

"በጣም እንጂ!" አሉ ኡም ፈትሂ።

"አላህ ያቆይዎት ኡም ፈትሂ፣ እሳቸውን ነው የጠየቅኩት።"

ዓም ሸሃታ ቆባቸው እስኪወድቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። በጭራሽ!

"ታዲያ የማን ምርጫ ናቸው?"

ግራ እጃቸው ቀስ ብላ ተነሳችና ሚስታቸው ላይ ተቀሰረች።

ኡም ፈትሂ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። "ዘመናችንን ሁሉ አብሮኝ ሲሰማ ኖሮ! አንተ ሰውዬ፣ ያኔ ለምን አልተናገርክም?"

"ዕድል ሰጥተዋቸው ያውቃሉ?" ልትል ነበር ራውያ፤ ግን ያን ጊዜ ከመንገዱ የድምፅ ማጉያ አንባረቀ። "ሮባቤክያ! ሮባቤክያ!"

ባለ ሦስት እግር ሞተር ይዞ ሮባቤክያ፣ አሮጌ ዕቃ ያለው፣ እያለ የሚዞር አዲስ ቆራሌ ነው። ዓም ሸሃታ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቤታቸው ሲገቡ የራሳቸውን ጋላቢያ ቀሚስ የለበሰ ሌላ ሰው ያገኙ መሰሉ። በግራ እጃቸው የዊልቸሩን ክንድ ደበደቡት።

"ያ የማይረባ!" አሉ ኡም ፈትሂ። "ሸሃታ ከታመመ ወዲህ ሰፈሩን ይዞታል። ድምፁ እንኳ የራሱ አይደለም፣ ከስልክ ነው የሚያጫውተው!"

ራውያ የሹብራ ልጅ ናት። እዚያ ሰፈር እያንዳንዱ ቆራሌ የራሱ ዜማ አለው፤ ሴቶቹ ገና ከሩቅ ሰምተው ማን እንደመጣ ያውቃሉ፤ የሌላውን ዜማ የነካ ደግሞ ጉድ ይፈላበታል። የዓም ሸሃታን ዜማ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። "ሮባ" ላይ ይወጣል፣ "ቤ" ላይ ይንሳፈፋል፣ መጨረሻው ላይ ከደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቁልቁል ይወርዳል።

የአኮርዲዮኑን ቀበቶ አጥብቃ ያንን ዜማ ተጫወተችው። መጨረሻው ላይ ግን ሆነ ብላ ወደ ላይ ሰቀለችው።

ዓም ሸሃታ ጥርሳቸው እንደታመመ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። "እእ!"

ደግማ ሰቀለችው።

"እእእ!"

"እንደዚህ አይደል እንዴ የሚባለው?" አለች ድርቅ ብላ፣ ለሌላ ጊዜም ልታበላሸው ጀመረች። "ሮባ-ቤ—"

"—ክያአአ!" ቁልቁል። ትክክለኛው፣ የራሳቸው። ከዚያም ግድብ እንደተከፈተ ውሃ፣ "ሮባቤክያ! አሮጌ ፍሪጅ! አሮጌ ልብስ ማጠቢያ! አሮጌ ነገር ያላችሁ!"

ኡም ፈትሂ የያዙትን ፔርሙስ ለቀው እልልታውን አቀለጡት። ማዶ ካለው በረንዳ አንዲት ሴት ብቅ አለች። "ዓም ሸሃታ! አለህ እንዴ? ጠብቀኝ፣ አሮጌ ምድጃ አለኝ!" ባለ ሞተሩ ማጉያውን ዘግቶ ዘወር ዘወር እያለ አየ።

ራውያ ልባቸው ሳይቀዘቅዝ ግራ እጃቸውን ይዛ በጉልበታቸው ላይ ምት እያስመታች፣ በዚያው ዜማ ሌላ ቃል አስገባች። "ኡም ፈትሂ—ውሃ ስጪኝ!"

"ኡም ፈትሂ—ሻይ!" አሉ ዓም ሸሃታ።

"ውሃ ነው ያልኩት።"

"ሻይ! ብዙ—ስኳር!"

"ስኳር ተከልክለሃል!" ጮኹ ኡም ፈትሂ።

"ብዙ!"

ከስትሮኩ ወዲህ የመጀመሪያ ጭቅጭቃቸው ነበር። ኡም ፈትሂ ከደስታ ብዛት እየተሳደቡ አለቀሱ።

ሐሙስ ዶክተር ሚድሐት የራሱን ወንበር እየገፋ ወደ ራውያ ክፍል መጣ። ክንዷ በፕላስተር የታሰረች፣ የምትሽከረከር ወንበር አለችው፤ ያለሷ የትም አይቀመጥም። ተመቻችቶ ተቀመጠና፣ "እንዴት አደሩ፣ ዓም ሸሃታ?" አለ።

ዝም።

"ስምዎን ይንገሩኝ።"

ዝም። ኡም ፈትሂ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ወዲያው በገዛ እጃቸው ግጥም አድርገው ዘጉት። ይሄ ለእሳቸው ድንጋይ ከመሸከም አይተናነስም።

ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። "ራውያ፣ እንግዲህ ይቅርታ..."

ያን ጊዜ ራውያ የሽማግሌውን ዓይን ተከትላ ሄደች። ዓም ሸሃታ የዶክተሩን ፊት አያዩም። ወንበሯን ነው የሚያዩት፤ ከእግሯ እስከ ክንዷ፣ ከክንዷ እስከ ፕላስተሯ። ይህን የቆራሌ አስተያየት የሹብራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ራውያ የጥሪውን መጀመሪያ ብቻ ተጫወተችና ጣቷን አነሳች። መጨረሻውን አንጠልጥላ ተወችው።

"አሮጌ—ወንበር!" አሉ ዓም ሸሃታ በዜማው። "ክንዷ—የተሰበረ! ዶክተር—ትሸጣታለህ?"

"ምን?"

"ትሸጣታለህ?"

"አልሸጣትም! ደህና ወንበር ናት!"

"አሮጌ—ናት!"

ዶክተሩ ሳቁ መጣበት። በሳቀ ቁጥር ወንበሯ ሲጥ ሲጥ ትላለች፣ ዓም ሸሃታ በጣታቸው እያሳዩ "ይኸው! ይኸው!" ይላሉ።

"ዓረፍተ ነገር ነው ወይስ አይደለም?" አለች ራውያ።

"ዓረፍተ ነገር ብቻ? ሊገዙኝ ደረሱ እኮ!" እንባውን ጠረገ። "ቃሌ ቃል ነው። ክፍሏ ያንቺ ናት። ግን ያንን የኮሪደር ግሳንግስ አሁን የት ልውሰደው?"

ንግግሩን ሳይጨርስ ዓም ሸሃታ በሩ ወደተከፈተበት ዞሩ። አልጋዎቹን አዩ፣ ጎማዎቹን አዩ፤ ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ምቱን ጀመረች።

"አሮጌ—አልጋ! አሮጌ—ጎማ! ሁሉም—ለእኔ! ፈትሂ—ጋሪ!"

"ፈትሂ ልጃችን ነው፣" አሉ ኡም ፈትሂ መቻል አቅቷቸው። "ጋሪውን ይዞ ይምጣ ማለቱ ነው።"

"ገብቶናል፣ ኡም ፈትሂ፣" አለች ራውያ። "ራሳቸው ተናግረዋል እኮ።"

ፈትሂ ቅዳሜ ጋሪውን እየገፋ መጥቶ ኮሪደሩን አጸዳው፤ አባቱ ከዊልቸራቸው ላይ ሆነው እየዘፈኑ አዘዙት። ዶክተር ሚድሐት ፈቀደ፣ ፈረመ፣ ወንበሩን ግን ቢሮው አስገብቶ ቆለፈባት።

ራውያ ወደ ቤቷ ለመሄድ ስትወጣ ሲድሁም በር ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር።

"እህሳ፣ የማን ሰርግ ነበር?"

"እሱን ተወውና በርጩማህን ደብቃት። ከነገ ጀምሮ ዓም ሸሃታን እስከ በሩ አስወጣቸዋለሁ።"

ሲድሁም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ገታ አድርጎ፣ ከተቀመጠባት ተነሳና የበርጩማዋን እግሮች አንድ በአንድ መረመረ።